የጠባዬ ባለውለታዎች

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት አዋሳ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሳለሁ ነው። አራስ ቤት ያለ ምክንያት አለቅስ ነበር። አማቴ ከትራሴ ሥር ቢላ አስቀመጡ፣ እንግዳ ከለከሉ፣ ገንፎ አበሉኝ። ለቅሶው በጊዜው አለፈ። ያላለፈው ሌላ ነበር፤ የወር አበባዬ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ጠባዬ ይለወጣል። ጡቴ ያብጣል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ ባለቤቴ ሾርባ ሲጠጣ የሚያሰማው ድምፅ ለፍቺ የሚያበቃ ወንጀል ይመስለኛል። ደሙ ሲመጣ ሁሉም ይረግባል፤ እኔም የሰደብኩትን ሰው ይቅርታ ስጠይቅ እሰነብታለሁ።

የበሽታዬን ምንጭ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገም፤ ሁሉም ያውቀው ነበር። አማቴ ዓይነ ጥላ ነው አሉ። አጥር የምንጋራት የሲዳማ ሴት፣ ጸሎት ቤቷ ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ድምፅ ዝቅ አድርገው ከሚጸልዩት አንዷ፣ ልብሽ ሰላም አጥቷል ብላ ልትጸልይልኝ ቃል ገባች። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ደግሞ የራሱ ምርመራ ነበረው። በውይይት ክበብ ላይ ስለ ዓለም ወዝአደር ሲያብራራ፣ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ለምን እንደጠፋ ጠየቅኩት፤ ያውም ጮኬ። ይህ ንዑስ ከበርቴያዊ ግልፍተኝነት ነው አለና ግለሂስ አስደረገኝ።

አንድ ቀን ልጄን ላስከትብ ጤና ጣቢያ ሄጄ በተራ ጉዳይ ከአንዲት ሴት ጋር ተጣላሁ፤ ወዲያው ደግሞ ማልቀስ ጀመርኩ። ጠጉሯ የሸበተው ነርስ ወደ ጎን ክፍል አስገባችኝና የወር አበባዬ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። እስከዚያን ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«እብድም አይደለሽም፣ ክፉም አይደለሽም» አለችኝ። «ሆርሞን ይባላል።»

የደም ግፊቴን ለካች፣ ስለ ራስ ምታት ጠየቀችኝ፣ ከዚያ የወሊድ መከላከያ ክኒን ሰጠችኝ። አንዳንዷን ይረዳታል፣ አንዳንዷን አይረዳትም፤ እንሞክረው አለች። ለባለቤቴ ነገርኩት። ብዙ አሰበና «ለእናቴ ብቻ እንዳትነግሪያት» አለ።

መጀመሪያ ላይ አቅለሸለሸኝ። ቀስ በቀስ ግን ያ ክፉ ሳምንት እየለዘበ መጣ፤ ሾርባውም ሾርባ ብቻ ሆነ። የጠባዬ ባለውለታዎች የበዙት ያን ጊዜ ነው። አማቴ ሳላውቅ በምጠጣው ውኃ ውስጥ ጸበል ሲጨምሩልኝ እንደነበር ነገሩኝና ፈጣሪን አመሰገኑ። ጎረቤቴ ጸሎቷ በመሰማቱ እንባዋ መጣ። ካድሬው ደግሞ የንቃት ትምህርት ሰውን እንዴት እንደሚለውጥ በክበቡ ፊት ሲያስረዳ እኔን ምሳሌ አደረገኝ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ይህ ሁሉ ክብር የፈረሰው አማቴ ቁም ሣጥን ሲያስተካክሉ ክኒኑን ያገኙት ለት ነው። ማንበብ ባይችሉም ምን እንደሆነ አውቀውታል። እዚህ ድረስ የመጡት ሁለተኛ የልጅ ልጅ ሊያቅፉ እንደሆነ ነገሩኝና አኮረፉ። ለራስ ምታት የታዘዘልኝ ነው ማለት እችል ነበር፤ ግን እውነቱን ነገርኳቸው። ለጠባይ ክኒን ይዋጣል ብሎ ነገር አላሳመናቸውም። ለቤቱ ሰላም ስል ክኒኑን መዋጥ ተውኩ።

ሰላሙ ብዙ አልቆየም። ክፉው ሳምንት ተመልሶ ሲመጣ ከጎረቤቴ ጋር በዶሮ ተጣላሁ፣ ካድሬውን ንግግርህ ይርዘም እንጂ ፍሬ የለውም አልኩት፣ ቤት ገብቼ ደግሞ በወጥ ጨው የተነሳ አማቴ ላይ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። በማግሥቱ ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው፣ ልጄን አዝለው ከፊቴ ቆሙ።

«ተነሽ፣ ሲስተሯ ዘንድ እንሂድ» አሉኝ። «የልጅ ልጁ ይቆየኝ።»

«ጸበሉስ?» አልኳቸው።

«ጸበሉንም ትጠጫለሽ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።»

ከዚያ ወዲያ ክኒኑን እንዳልረሳ የሚያስታውሱኝ እሳቸው ሆኑ። ይባስ ብለው ለማኅበር ጓደኞቻቸው የምራት ጠባይ የሚያርም መድኃኒት መገኘቱን አወሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነርሷ ጠራችኝና፣ ምራታቸውን እየጎተቱ የሚመጡ እናቶች እንዳስቸገሯት ነገረችኝ። አንዷን ምራት ጠይቃ ጠይቃ በወሩ ውስጥ የተለየ ሳምንት አላገኘችባትም፤ ልጅቷ የምትቆጣው አማቷ ባሉበት ቀን ሁሉ ነበር። ለዚያ የሚሆን ክኒን እንደሌላት ለአሮጊቷ እንዴት እንደምትነግራቸው ጨንቋት ነበር።