ባለ ቁምጣውና ባለ ከረባቱ

በደንብ የለበሰ ሰው ይከበራል ይባላል። አይከበርም። በደንብ የለበሰን ሰው ሌላው ያዝዘዋል። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ መጽሐፍስ ብዙ አንብቤያለሁ፣ በዚህ ጉዳይ ግን አንዱም አልጠቀመኝም። ያወቅሁት ባሕር ላይ ነው። ያመንሁት ደግሞ ጣራ ገዳም ሥር፣ በአንድ መሪጌታ ቤት፣ ሰው ፊት ከተዋረድሁ በኋላ ነው።

ውጭ አገር የምትኖር እህቴ ከባሏ ጋር በመዝናኛ መርከብ ሰባት ቀን ልትንሸራሸር ስትነሣ፣ ክፍላቸው ውስጥ ሦስተኛ አልጋ ነበረና እኔን ጠራችኝ። ከጣና ታንኳ በቀር ውኃ ላይ ወጥቼ የማላውቅ የወረታ ሰው ነኝ። መርከቡ ግን ውኃ ላይ ያለ አይመስልም። ወረታን ከነገበያዋ አንሥተው ፎቅ በፎቅ የደረደሯት ነው የሚመስለው፤ ባጃጅ ብቻ የለውም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በበራችን ሥር አንዲት ወረቀት ይገፉልናል። የማታው አለባበስ የተጻፈባት ናት። አንዳንዱ ማታ «የክብር» ነው፤ ወንዱ ጥቁር ሱፍና ከረባት፣ ሴቷ ረጅም ቀሚስ። አንዳንዱ ደግሞ «ቀለል ያለ» ነው፤ ያሻህን ልበስ ማለት ነው።

እኔ ወረቀት ሲያዝዘኝ አልወድም። በመጀመሪያው የክብር ማታ ሸሚዝ ለብሼ፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ ወደ ራት አዳራሹ ወረድሁ። እህቴ ከኋላዬ፦

«አታዋርደኝ። ሱፍ አምጥተህ የለም እንዴ?»

«የሚቀርበው ዓሣ ነው። ዓሣ ከረባት አይጠይቅም» አልኋት።

በሩ ላይ የቆመው ጓንት ያጠለቀ ሰው ግን ጠየቀ። በጣም በትሕትና ስለመለሰኝ መባረሬ የገባኝ ደረጃውን ግማሽ ከወጣሁ በኋላ ነው። ከላይኛው ፎቅ፣ ክብር ከሰለቻቸው ባለ ቁምጣዎች መካከል ተቀምጬ ያንኑ ዓሣ በላሁ።

በማግስቱ ማታው ቀለል ያለ ነበር። ስለዚህ ጎንደር ያሰፋሁትን ጥቁር ሱፍ ለበስሁ፤ ከረባቴን እስኪያንቀኝ አጠበቅሁ፤ ጫማዬን ወለወልሁ። ወረቀቷን መበቀሌ ነው። እህቴ እየሳቀች ፎቶ አነሣችኝ። አዳራሹ በሙሉ ቁምጣና ነጠላ ጫማ ነበር። እኔ ደረቴን ነፍቼ በመካከላቸው ሳልፍ፣ ባለ አበባ ሸሚዝ የለበሰ አንድ ፈረንጅ ባዶ ብርጭቆውን ወደ እኔ ዘረጋና «በረዶ» አለኝ።

ምን እንደመለስሁለት ለራሴ በብዙ ዓይነት ተርኬዋለሁ፤ በሁሉም የማሸንፈው እኔ ነኝ። ለወረታ ሰው ግን ስለ በረዶው ትንፍሽ አላልሁም። ፎቶውን ብቻ አሳየሁ። «ከመርከቡ አዛዥ ጋር ራት በላህ?» ሲሉኝ፣ «ሩቅ አልነበረም» እል ነበር። ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም። መርከብ ላይ ማንም ከማንም ሩቅ አይደለም።

በዚህ ዓይነት የከተማው የመርከብ ሊቅ ሆንሁ።

አምና በኅዳር፣ ሩዙ ታጭዶ ሳያልቅ፣ ጎረቤቴ ቤቴ መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳዋን እያሳረሰች አንድ ልጇን ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለችና እታለም እላታለሁ። ልጇ መርከብ ላይ ሥራ ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ወረታ አብራው የተማረች አንዲት ልጅ ይወድዳል፤ የጣራ ገዳም አካባቢ መሪጌታ ልጅ ናት። እታለም ሽማግሌ ልካ ነበር።

«የኔታ ሽማግሌዎቹን ‹ልጁ ምንድን ነው የሚሠራ?› ብለው ጠየቁ» አለችኝ።

«ምን ብለው መለሱ?»

«የመርከብ ሹም ነው አሉ። ሌላ ምን ይበሉ?»

«ልጅሽ ነው ሹም ነኝ ያለሽ?»

«ልብሱ ነዋ ያለኝ።»

ከነጠላዋ ሥር ፎቶ አወጣች። ከስልክ ወስዳ ፎቶ ቤት ያሳጠበችው፣ የድስት ክዳን የሚያህል ነው። ልጇ ነጭ ኮት ለብሶ፣ ቢራቢሮ ከረባት አስሮ ቆሟል። ወገቡ ላይ ሰፊ ጥቁር መቀነት ታጥቋል፤ በግራ ክንዱ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ይዟል። ከጎኑ ቁምጣና ነጠላ ጫማ ያደረገ ሽማግሌ ፈረንጅ ወንበር ላይ ተንፈላስሷል።

አንድ ጊዜ አይቼው ገባኝ። ቀለል ያለው ማታ ነው። ልጁ አስተናጋጅ ነው።

«ይኼ ባለ ቁምጣው አሽከሩ መሰለኝ» አለች እታለም። «ምናለ ሱሪ ቢገዛለት?»

አትፍረዱባት። ፎገራ ላይ ቁምጣ የሚለበሰው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሩዝ ለማረም ነው። አረሙ ሲያልቅ ቁምጣው ይታጠብና አጥር ላይ ይሰጣል፤ ቁምጣውን ለብሶ ፎቶ የሚነሣ የለም።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። «አምሮበታል» አልሁ።

«የኔታ ‹መርከብ የሚያውቅ ሰው አምጡና እሱ ይንገረኝ፤ ሥራውን ሳላውቅ ልጄን አልሰጥም› ብለዋል። ሌላ የሚያውቅ ከየት አመጣለሁ? አንተ አለህልኝ። ቅዳሜ እንሄዳለን።»

ቅዳሜ ያንኑ ጥቁር ሱፍ ለብሼ ከእሷና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በሚኒባስ ተነሣን። ግራ ቀኙ የሩዝ ክምር ነው። እታለም ፎቶውን እንደ ሥዕለ ማርያም አቅፋ ተቀምጣ ነበር። በየመንገዱ ልነግራት አፌን እከፍታለሁ፤ «ሙቀቱ» እላለሁ፤ እዘጋለሁ። ርብን ተሻገርን፤ አልነገርኋትም። ከመኪና ወርደን ዳገቱን ጀመርን፤ ትንፋሽ አጠረኝ፤ እሱን ሰበብ አደረግሁ።

መሪጌታው ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ዕድሜ ያነጣው ጋቢ የለበሱ ቀጭን ሰው ናቸው። ጾሙ ገብቶ ስለነበር ሽሮና ጎመን ቀረበ። የምትጠየቀው ልጅ ውኃ ይዛ መጣችና እጃችንን ተራ በተራ አስታጠበችን። በልተን ስናበቃ እንደገና አስታጠበችና ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች።

የወፍጮ ቤት ባለቤት የሆኑት ዋናው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«የኔታ፣ እንደ ቃልዎ የሚያውቅ ሰው አምጥተናል። መርከብ ላይ ከአዛዡ ጋር ራት የበላ ነው።»

«ሩቅ አልነበረም» አልሁ፣ እንደ ልማዴ።

የኔታ ፎቶውን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «በል እንግዲህ ንገረኝ። ይኼ ልጅ ምንድን ነው የሚሠራ?»

እታለምን አየኋት። ዓይኗ አፌ ላይ ነበር። ከእኔ አፍ የሚወጣው ምራት እንደሚያስገኝላት ወይም ባዶ እጇን እንደሚመልሳት ታውቃለች። እኔ ደግሞ ብዙ ያነበበ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ማብራሪያ ጀመርሁ።

«የኔታ፣ መርከብ ላይ ሁለት ዓይነት ማታ አለ…»

ስለ ወረቀቷ ተናገርሁ። ስለ ጥቁር ሱፍ፣ ስለ ረጅም ቀሚስ፣ ስለ ጓንቱ ተናገርሁ። የባሕር ጉዞ ከጥንት እንዴት እንደነበር ሁሉ ጨመርሁበት። ልጁ ምን እንደሚሠራ ብቻ አልተናገርሁም። ትንፋሽ ስወስድ ዋናው ሽማግሌ ገቡበት።

«ይኸው ሰሙ፣ የኔታ። ወረቀቷን የሚያወጣት የእኛው ልጅ ነው ማለት ነው።»

እኔም አላረምኋቸውም።

የኔታ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት።

«ወገቡን ያየ አለ?» አሉ።

ያየ አልነበረም። ሁላችንም ከረባቱን ነበር ያየነው።

«አደግድጓል» አሉ።

እኛ አገር ወረቀት በበር ሥር አይገፋም እንጂ የአለባበስ ሕጉ ከመርከቡ ይብሳል። ቤተ ክርስቲያን ነጠላው በመስቀለኛ ነው፤ ለቅሶ ላይ ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል፤ ከሚበልጥህ ሰው ፊት ስትቆም ደግሞ ወገብህ ላይ ታስረዋለህ። ይኼኛው ማደግደግ ይባላል። ያደገደገ ሰው ሊታዘዝ የቆመ ሰው ነው። ይህን የማያውቅ የፎገራ ሕፃን የለም። እኔ በነጠላ እንጂ በነጭ ኮት ላይ አላወቅሁትም፤ ማወቅ የነበረብኝን በበረዶ አወቅሁት። የኔታ ግን ባሕር አይተው አያውቁም፤ ጣናንም ቢሆን ከተራራው ላይ ሆነው ከሩቅ ነው የሚያዩት።

«እስቲ ልጄን እዩ» አሉ።

አየናት። ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሯል። በግራ ክንዷ ነጭ ፎጣ ይዛለች።

«አሁን ፎቶውን እዩ።»

አየነው። ልጅቷ የሌላት ከረባቱ ብቻ ነው።

«ይኼ ባለ ቁምጣው ነው ጌታው» አሉ የኔታ። «ጉልበቱን ገልጦ ሰው ፊት ሲቀመጥ ‹ተሸፈን› የሚለው የሌለ፣ ጌታ ካልሆነ ማን ነው?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ እዚያ ምን ለብሰህ ነበር?»

«ይኼንኑ ሱፍ፣ የኔታ።»

«እነሱስ?»

«ቁምጣ።»

«ታዲያ ምን አዘዙህ?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። ከሁሉም አጭሩ ወጣ።

«በረዶ» አልሁ።

ዋናው ሽማግሌ ሊጠጡት ያነሡትን ጠላ መልሰው አስቀመጡና እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሩቅ አልነበረማ! እውነቱን ነው፤ ብርጭቆው ድረስ ቀርቦ ነበር!»

እታለም አልሳቀችም። የኔታን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ አሽከር ነው?»

«አስተናጋጅ ነው፣ እታለም። ምግብ የሚያቀርብ።»

ፎቶውን ከየኔታ ጉልበት አንሥታ ገልብጣ ያዘችው። ለገበያው ሁሉ፣ ለንስሐ አባቷ ሳይቀር ስታሳየው የኖረችው ፎቶ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ዋናው ዱላቸውን ያዙ፤ «እንግዲህ እንነሣ» አሉ ቀስ ብለው።

«ማን ተነሡ አላችሁ?» አሉ የኔታ። «ሰው ማገልገል ነውር ነው ያልሁ አለ? እኔስ ሳገለግል አይደለም የኖርሁ? የከፋኝ ሹም ነው መባሌ ነው። ልጁ ሹም ነኝ ብሎ ከሆነ ውሸታም ነው፤ ለውሸታም ልጄን አልሰጥም። ብሏል ወይስ አላለም?»

ሁላችንም ወደ እታለም ዞርን። እናትየዋ እንኳ ምን እንዳለና ምን እንዳላለ ማስታወስ አልቻለችም። ሥራ ከያዘ ወዲህ በስልክ ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ ሩዙና ስለ ጤና ነበር።

«አላለም።»

ድምፁ ከግድግዳው በኩል ነው የመጣው። ልጅቷ ፎጣውን እንደያዘች መሬት መሬት እያየች ነበር።

«አስተናጋጅ ነኝ ብሎኛል። ያ ባለ ቁምጣው ሰውዬ በየማታው ሾርባው ቀዝቅዟል እያለ እንደሚመልስበትም ነግሮኛል።»

«መቼ ነው የነገረሽ?» አሉ አባቷ።

«ሥራውን እንደጀመረ። ጠየቅሁታ።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ አልነገርሽን?»

«ማን ጠየቀኝ?»

የኔታ ብዙ ነገር ሊሉ አሰቡ መሰለኝ፤ ጢማቸውን ሁለት ጊዜ ዳበሱ። ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ እናት፣ አንድ የመርከብ ሊቅ አገር አቋርጠው መጥተው የተከራከሩበትን ነገር ግድግዳ ተደግፋ የቆመች ልጅ ስታውቀው ኖራለች። እኔን ቢጠይቁኝ ደግሞ እሷን ስለ ጋብቻውም የጠየቃት አልነበረም። ያን ግን ቢያንስ ልጁ ራሱ ጠይቋታል።

«ሲመጣ ያን መቀነቱን ፈትቶ ይምጣ» አሉ በመጨረሻ። «ቁምጣም ለብሶ እንዳይመጣብኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መሬት ሳሙ። እንዲህ ያለ መልስ እሺ ማለት ነው።

ስንመለስ እታለም ጎኔ ተቀመጠች። ብዙ መንገድ ሄደን፦

«ከወረታ ስንወጣ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

እስከ ርብ ድልድይ ድረስ ፎቶውን ገልብጣ እንደያዘች ሄደች። ይገባኛል። በአደባባይ ከመስማቷ በፊት በቤቷ ልትሰማው ትችል ነበር። ድልድዩን እንዳለፍን ፊቷን ሳታዞር፦

«በረዶውን ሰጠኸው?» አለች።

በመስኮቱ ወደ ሩዙ ማሳ አየሁ። የታጨደ ነው፤ የሚታይ ነገር አልነበረውም።

«ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ።»

በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ወረታ እስክንደርስ ሚኒባሱ በሙሉ ታሪኩን ሰማ። በሚቀጥለው ገበያ ሩዝ ሻጮቹ «በረዶው፣ እንደምን አደርህ?» ብለው ተቀበሉኝ፤ እስካሁንም እንዲያው ነው የሚሉኝ።

ልጆቹ በዳግማይ ትንሣኤ ተጋቡ። ፎቶው እታለም ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ በጣቷ ከረባቱን ዘልላ ወንበሩን ታሳያለች። «ጌታው ያ ባለ ቁምጣው ነው» ትላለች። «ሾርባ ከቀዘቀዘ አይወድድም።»

አንተም ስልክህ ላይ ከረባት አስሮ የቆመ ዘመድ ፎቶ አይጠፋህም። «አምሮብሃል» ብለህ አትለፈው። ዛሬውኑ ደውልና ሥራህ ምንድን ነው ብለህ ጠይቀው። ፎቶ ፍታልኝ ብለህ ግን እኔ ዘንድ እንዳትመጣ።