ወጣቶቹ ለምን አይቆዩም ነበር?

በሰማንያዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሰቆጣ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበርሁ። ከጎጃምና ከጎንደር ተመድበው የሚመጡትን ወጣት የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ተቀብዬ ወደ ገጠር የምሸኛቸው እኔ ነኝ። ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ዝውውር ሊጠይቁ ይመለሳሉ። ሁሉም «አሞኛል» ነው የሚሉት። የአገሩ ተወላጅ የሆኑት አዛውንት አለቃችን «የዘንድሮ ልጅ ችግር አይችልም» ይሉ ነበር። እኔን ግን ነገሩ ይከነክነኝ ነበር። ይህን ሁሉ ጤነኛ ልጅ ምን አገኘው?

አንድ ቀን ደሃና ወረዳ የመደብናት የባሕር ዳር ልጅ እንደ ሌሎቹ «አሞኛል» ብላ ዝውውር ልትጠይቅ መጣች። ሻይ አስመጣሁላትና «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አልኋት።

ሳቀች። «እውነቱን ልንገርዎት? ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ሰዉ አስቸገረሽ?»

«ኧረ ሰዉስ ደግ ነው፤ ቋንቋቸውን ኽምጣንጋን እንኳ እያስተማሩኝ ነው። ግን ባለፈው የታመመች ላም አመጡልኝ። መድኃኒት ሰጠኋት፤ ሞተች። በሽታውን ስቼው ይሁን፣ ዘግይተው አምጥተዋት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የምጠይቀው ሰው የለም። የተማርሁት ሁሉ እየጠፋብኝ ነው።»

እኔ የጠበቅሁት የውሃውን፣ የመንገዱን፣ የናፍቆቱን ነገር ነበር። ለአለቃችን ስነግራቸው «እስቲ ሄጄ ልያት» አሉ። በሳምንቱ አንድ ነባር የእንስሳት ሐኪም አስከትለው ደሃና ሄዱ። ሲመለሱ ሐሳባቸው ተለውጦ ነበር፦ አዲስ ሠራተኛ ሥራውን ከነባር ጋር ሆኖ ይጀምር፤ በየወሩም ሁሉም ሰቆጣ ተሰብስበው ስለገጠማቸው በሽታ ይነጋገሩ።

በመጀመሪያው ስብሰባ እሮሮ እሰማለሁ ብዬ ነበር። እነሱ ግን በአንዲት ፍየል ሳል ሲከራከሩ ምሳ አለፋቸው። ልጅቷ ተነሥታ ሳንባ ሰሌዳ ላይ ስትሥል፣ ጽጽቃ የተመደበው ወጣት «የእኔዋም ልክ እንዲህ ነበረች!» ብሎ ጮኸ።

ልጅቷ የዝውውሩን ነገር ተወችው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትምህርቷን ለመቀጠል ስትሄድ ግን ማንም አልተቀየማትም። ተተኪዋን ይዛ መንደር ለመንደር ዞራ፣ ከገበሬዎቹ ጋር አስተዋውቃው ነው የሄደችው።

ሌሎቹ ሁሉ ቆዩ ማለት አይደለም። የጽጽቃው ወጣት በዓመቱ ዝውውር ጠየቀ። እንደ ልማዴ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ሥራውን ወድጄው ነበር» አለኝ። «እናቴ ግን ዐይኗ እየደከመ ነው፤ ሌላ ልጅ የላትም።»

እኔም የዝውውሩን ጉዳይ ራሴ ይዤ ወደ አለቃችን ቢሮ ገባሁ።