ዛሬ ጤነኞቹ፣ ነገ የታመሙት

መምህርት ሻሽቱ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ክፍሏ በር ላይ ቆማ የልጆቿን አፍ ታያለች። ኖፓ አካባቢ ይህን የማያውቅ ወላጅ የለም። ደብተሩን የረሳ ልጅ ይገባል፤ ጥርሱን ሳይፍቅ የመጣ ግን ቀጥታ ወደ ውሃው ጀሪካን ነው። ብሩሽ ያለው በብሩሹ፣ የሌለው እሷ ከጓሮዋ ቆርጣ ባመጣችው መፋቂያ፣ ከክፍሉ ጀርባ ተደርድረው ሲፍቁና ማን አርቆ ይተፋል እያሉ ሲፎካከሩ ትምህርቱ አሥር ደቂቃ ይዘገያል። ርእሰ መምህሩ አንድም ቀን ተቆጥቷት አያውቅም።

መቱ ተወልዳ ያደገች ናት። ከማሠልጠኛ ስትወጣ እዚህ ሲመድቧት “አንድ ዓመት ሠርቼ እቀየራለሁ” ብላ ሻንጣዋን እንኳ በወጉ ሳትፈታ ከረመች። ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት። አላገባችም። ለምን ሲሏት “ሠላሳ ዘጠኝ ልጅ አለኝ፣ የማንን ባል ልጨምር?” ትላለች።

የጥርሱ ነገር የጀመራት በጸጸት ነው። በመጣች በሁለተኛው ዓመት፣ ጠረጴዛ ላይ እየተኛ ያስቸገራትን ልጅ ሰነፍ ነው ብላ ጥግ አቆመችው። ቀና ሲል ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ሊደፍነው ደርሷል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አድሮ ነው ለካ ቀን የሚተኛው። ከዚያ ወዲህ ተኝቶ ያገኘችውን ልጅ መጀመሪያ አፉን ነው የምታየው።

ዘንድሮ ልቧን የበላቻት ኢሊሊ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ የታች መንጋጋዎቿ ጠቁረው ተቦርቡረዋል። በአንድ ጎኗ ታኝካለች፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትከድናለች። እናቷ ሆሳዕና፣ “የወተት ጥርስ አይደል? ይወድቃል” ብላ ነበር።

“እስኪወድቅ በምን ትብላ?” አለቻት ሻሽቱ። “ደግሞስ ሥሩ መግል ከያዘ ለሚተካውም ይተርፋል።”

ሆሳዕና ከዚያ ወዲህ ከረሜላውን አስቀረች። መምህርቷ ያለችውን ትሰማለች። ተቦርቡሮ ያለቀውን ጥርስ ግን ከረሜላ መተው አይመልሰውም፤ ሐኪም ያስፈልጋል።

ርእሰ መምህሩ ደበሳ የሻሽቱ አበልጅ ነው። ትልቋን ልጁን ህሊናን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት፤ ሚስቱ ታማ መቱ ሆስፒታል በተኛች ጊዜም ቤቱን የያዘችው፣ ልጆቹን ያበላችው እሷ ናት። ስለዚህ ጥር ላይ “አበልጄ፣ የምሥራች! የጥርስ ሐኪሞች ሊመጡልን ነው” ሲላት ልታቅፈው ምንም አልቀራት። “የታመሙትን ልጆች በስማቸው ጽፈው ይስጡኝ” አላት። ሁለት ቀን ሙሉ ያንዳንዱን አፍ እንደገና አየች። ሃያ ሦስት ልጆች። የማን የትኛው ጥርስ እንደሆነ፣ ማን ማታ ማታ እንደሚያመው ሳይቀር ጽፋ ሰጠችው። ከላይ የኢሊሊን ስም አስቀደመች።

ሐኪሞቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ቢሮው ጠራት።

“አበልጄ፣ ሰዎቹ ሁለት ቀን ነው የሚቆዩት። ረቡዕ ጤነኞቹን፣ ሐሙስ የታመሙትን ያያሉ። እነዚያን ሃያ ሦስቱን ነገ ቤት ያስቀሩልኝ። ሰልፍ ላይ አይንገላቱ።”

እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው አለች በልቧ። ከሰዓት በኋላ በየቤቱ ዞራ ተናገረች። ሆሳዕናንም “ነገ ትቅር፣ ሐሙስ አዘጋጅተሽ ላኪያት” አለቻት።

ረቡዕ ሐኪሟ ራሄል መጣች፤ ግንባሯ ላይ መብራት አስራ ልጆቹን አንድ በአንድ አየች። ህሊና ከፊት ተሰልፋ ነበር። “እንዲህ ያለ አፍ በየትም አላየሁም! ምን ብታደርጉ ነው?” ብላ ራሄል ተገረመች። ደበሳ ወደ ሻሽቱ እጁን ዘርግቶ “የመምህርታችን ድካም ነው” አለ። ተጨበጨበላት። ሻሽቱ እንደ ልጅ አፈረች፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ብሏታል። ቀትር ላይ መኪናው ሲወጣ ለአዳር ወደ መቱ መሆኑ ነው ብላ እጇን አውለበለበች።

ሐሙስ ሃያ ሦስቱም መጡ። ፊታቸው ቅባት ጠግቦ ያበራል፤ ለበዓል የሚለበሰውን የለበሱም አሉ። በሩ አጠገብ ተሰልፈው ጠበቁ። ኢሊሊ መኪና በተሰማ ቁጥር እየሮጠች፣ “ባርሲፍቱ፣ መጡ?” ትላለች። በኦሮምኛ መምህርት የሚሏት እንደዚያ ነው። ደበሳ ስብሰባ ሄዷል፣ ስልኩም አይሠራም። ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ቤታቸው ላከቻቸው።

አርብ በሚኒባስ መቱ ወርዳ ራሄልን አገኘቻት። የሃያ ሦስቱን ነገር ስትነግራት ሐኪሟ ለርእሰ መምህሩ የላኩትን ደብዳቤ ቅጂ አውጥታ አሳየቻት። በግልጽ ተጽፏል፦ የጥርስ መበስበስ የበዛበት ትምህርት ቤት ይመረጣል፣ ልጆቹ ይታከማሉ፣ ለሦስት ዓመት ብሩሽና ጥርስ የሚያጠነክር ቅብ መድኃኒት ይቀርብለታል።

“የእናንተ እኮ ከሁሉም ጤናማ ሆኖ ነው የተመዘገበው” አለች ራሄል። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ እትዬ ሻሽቱ። ርእሰ መምህሩ እስከ ሰኞ እውነቱን በማኅተም ከጻፉልኝ ተመልሼ አያለሁ። ካለዚያ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።”

በዚያው ዕለት ደበሳ ቤት ድረስ ሄደች። አልካደም፤ ቢክድ ይሻላት ነበር።

“ደብዳቤውን አላነበቡትም?”

“አንብቤዋለሁ፣ አበልጄ። ወረዳው ግን ያንን አያነብም። ወረዳው የሚያነበው የትምህርት ቤቶችን የጤና ደረጃ ነው። ባለፈው ዓመት ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣን። ዘንድሮ ደግሞ የኔ እድገት ጉዳይ አለ፤ ያውቃሉ።”

“እና የኔን ዝርዝር?”

“ባያዘጋጁልኝ ኖሮ እነማንን እንደማስቀር በምን አውቅ ነበር?” አለ፤ እንደ ምስጋና።

ማኅተሙን ግን አላወጣም። ራሴን ውሸታም ብዬ በገዛ ማኅተሜ ልጻፍ ወይ አላት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ ሻሽቱን የጣላት ግን ራሷ ኮርቻውን የጫነችው ፈረስ ነው። ህሊና ከጓዳ ወጥታ እንደ ልማዷ ልትስማት ስትመጣ ጉንጯን ሰጠቻት። ልጅቷ ምን አጠፋች? ከዚያ ቻው ሳትል ወጣች፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ ብቻዋን አወራች።

ሰኞ አለፈ። ቦታው ለሌላ ትምህርት ቤት ተሰጠ። ማክሰኞ እነ ኢሊሊ ቤት ሄደች። ሌላው ወላጅ በወሬ ቢሰማው ግድ የላትም፤ ለሆሳዕና ግን በአፏ መንገር አለባት። ኢሊሊ አንድ ጉንጯን ይዛ መደብ ላይ ተጋድማለች። ሻሽቱ ምንም ሳትደብቅ፣ የደበሳን ስም ጠርታ፣ ሁሉንም ተናገረች።  ሲያልቅ ሆሳዕና የልጇን ነጠላ ጎትታ እግሯን አለበሰቻት።

“ረቡዕ ዕለት አልቀርም ብላ አልቅሳ ነበር” አለች ሆሳዕና በዝግታ። “ርእሰ መምህሩ አስቀሪያት ቢሉኝ ኖሮ እልካት ነበር። እርስዎ ስለሆኑ ነው ያስቀረኋት።”