በግቢው ያለቀችው የዓይን ጠብታ

«አባቴ፣ ግራ ዓይንዎ ምን ሆኖ ነው የጠፋው?» አለችኝ ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ። የታናሽ ልጄን ዕድሜ ብታክል ነው። የሄድኩት ደህና የነበረው ቀኙ ቀልቶ፣ ብርሃን አላሳይ ብሎኝ ነው። ከጀሞ በሚኒባስ ስመጣ መንገዱን ሙሉ በጋቢዬ ጫፍ ሸፍኜው ነበር።

«በወጣትነቴ ጠብታ መጨመር ረስቼ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ሰውነት ጠላት ሲገባበት ተከላካዮቹን የሚጠራባቸው መልእክተኛ ፕሮቲኖች አሉት አለች። የኔዎቹ ጠላት ሳይኖር «ድረሱ!» ይላሉ፤ የተጠሩት ደግሞ ዓይኔ ውስጥ ገብተው የገዛ ሥጋዬን ያቆስላሉ። ዛሬ ጥሪውን ራሱን የሚያፍን መርፌ አለ፤ ጠብታው ካልበቃ ወደዚያ እንሄዳለን አለችኝ። እኔ እንደሁ ደክሞኛል። ደህና ወሬ እንኳ ሲነግሩኝ መቀመጫ ነው የምፈልገው።

ያኔ መካኒሳ አቦ አጠገብ፣ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ከእማዬ ጋር እኖር ነበር። መንጃ ፈቃድ ላወጣ እየተማርኩ ነው፤ ከሹፌርነት ሌላ ሕልም አልነበረኝም። ወሩ ነሐሴ፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ግራ ዓይኔ ቀላ። ግቢው በሙሉ «የዓይን ማዝ ነው፣ ሲተያዩ ይጋባል» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። እማዬ የወሰደችኝ ሐኪም ግን «አይጋባም፤ የገዛ ሰውነትህ ነው የሚወጋህ» አለና ጠብታ አዘዘልኝ። «ቢሻልህም በድንገት እንዳታቆም፤ ቀስ በቀስ የምቀንስልህ እኔ ነኝ» ብሎ አስጠነቀቀን። እማዬም ሰምታለች።

ጠብታዋ ጉድ ናት! ቅላቱ ጠፋ፣ ሕመሙ ተወኝ። ወሬው ወዲያው ግቢውን ዞረ። እውነተኛው የዓይን ማዝ ደግሞ ያን ሰሞን ሰፈሩን ያምስ ነበር። መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናት፣ ልጇን አዝላ።

«እንደው አንድ ጠብ ብታደርጊለት?»

እማዬ ወደኔ አየች። እትዬ አስካለ እኮ እማዬን ታይፎይድ የጣላት ጊዜ ገላዋን ያጠበች፣ አጥሚት አፍልታ ያጠጣች ሴት ናት። እንዲህ ላለች ሰው ጠብታ ይከለከላል? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ! «አንተ እንደሁ ድነሃል» አለች እማዬ፣ ብልቃጧን እያነሳች። ብልቃጧ ከእትዬ አስካለ ቤት ወደ አከራያችን፣ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ዞረች። ለነሱ እንደማትሆን፣ እንዲያውም እንደምትጎዳ ማናችንም አላወቅንም። ባዶዋን ተመለሰች። ሌላ ስንፈልግ በየፋርማሲው «የለም» ሆነ።

ሕመሙ ሲመለስ ከፊተኛው ባሰ። ግራ ዓይኔ ላስቲክ እንደተወጠረበት መስኮት ሆነ። ሐኪሙ አይቶኝ ጮኸ፤ «ለምን አቋረጥክ?» እማዬ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ አጠገቤ ቆማለች።

«ረስቼው» አልኩ።

«አይ የዛሬ ወጣት! በዓይን ይቀለዳል?» አለ ሐኪሙ።

ስንመለስ መንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዛችልኝ፤ ለራሷ አልገዛችም። ትኩሱን ፈልፍዬ እጇ ላይ ባደርግላት ይዛው ቀረች። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ታለቅሳለች። «እማዬ፣ በቃ» አልኳት። እስክትሞት ድረስም ነገሩን አንስተነው አናውቅም። መንጃ ፈቃዱም ቀረ፤ የዓይን ምርመራውን ወደቅኩ። ሌሎች በሚነዱት ሚኒባስ ተራ ሳስከብር፣ ስጮህ አረጀሁ። ምን ይደረግ!

እማዬ ካረፈች ቆይታለች፤ ዛሬ ለሐኪሟ እውነቱን ብነግራት ማንም አይጎዳም። ግን አውቃለሁ፣ በሆዷ «ምን ዓይነት እናት ናት?» ትላለች። ያንን ግቢ ላልኖረበት ሰው እንዴት አድርጌ ላስረዳ? አቅሙም የለኝ። ቀኝ ዓይኔን እንዳሻት ታድርገው፤ በጠብታም በመርፌም ታክመው፣ ይዳንልኝ እንጂ። እማዬን ግን አሳልፌ አልሰጣትም።