የኮሽም ዘር ፍለጋ እስከ ኩታበር

ሰኞ ጠዋት፣ ከኮምቦልቻ

ከቤቴ የወጣሁት በጥር ወር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጉዳዬ ለሰው ሲነግሩት ቀላል ነው፤ የኮሽም ዘር ፍለጋ። ኮሽም እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ሲበስል ወደ ብርቱካንማ ቢጫ ይለወጣል፤ ሲበሉት ጥርስ ያጠርሳል። ድሮ በደሴ ዙሪያ ገበሬው ግቢውን የሚያጥረው በእሱ ነበር።

ባለቤቴ ዘነበች ከዓመታት በፊት ሁለት ችግኝ ከዘር አብቅላ በጓሯችን ተክላ ነበር። አንደኛው በአምስተኛው ዓመት አፈራ። ሌላኛው በቁመት በለጠው፣ አበባም አበበ፣ ፍሬ ግን የለውም። እኔ አናጢ ነኝ፤ መጋዝ ከእጄ አይርቅም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አንድ በጋ፣ ከሥራ ተናድጄ ገብቼ ያንን ፍሬ አልባ ግንድ መቁረጥ ጀመርኩ። ዘነበች ሮጣ መጥታ ክንዴን ያዘች።

«ተወው ታዴ፣ እሱ እኮ…»

አላስጨረስኳትም። «ለማያፈራ ነገር ውሃ አላባክንም» አልኳት።

ልጅ አልነበረንም። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ፊቷን አየሁት። ክንዴን ለቃ ወደ ቤት ገባች። ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ የተናገርኩት ስለ ዛፍ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ ዓመት ወዲህ የቀረው ኮሽም አበበ እንጂ አላፈራም። ዘነበች ባለፈው ክረምት በኩላሊት ሕመም አረፈች። እሷን ይዤ ደሴ ሆስፒታል ስመላለስ በነበረበት ጊዜ ጓሮውን የሚያይ ስላልነበረ፣ ያም ደረቀ። ስለዚህ እንደ እሷ ከዘር ልጀምር ብዬ ነው የተነሳሁት።

ሚኒባሱ መቶ ብር አስከፍሎን የሐረጎን ዳገት መውጣት ጀመረ። ጠመዝማዛው ላይ ጉም ወርዶ ሹፌሩ መብራት አብርቷል። ከእኔ ጎን የተቀመጡ ሴትዮ የመድኃኒት ፌስታል በጉልበታቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ ዓይነት ወንበር፣ ዘነበችን በትከሻዬ አስደግፌ ስንት ጊዜ እንደወጣሁ ትዝ ሲለኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ወደ ታች ሲያዩት ኮምቦልቻ በጉሙ ተውጣ አትታይም።

ሰኞ ረፋድ፣ ደሴ

ሰኞ ገበያ በራሱ ቀን እግር ማስቀመጫ የለውም። ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ሳልባጁን እየተሻገርኩ ፍራፍሬ ወደሚሸጥበት ሄድኩ። ማንጎ አለ፣ ሙዝ አለ፣ ፓፓያ አለ። ኮሽም የለም። አንዲት ቅመም ሻጭ ስጠይቃት ሳቀች።

«ኮሽም? ወላሂ ካየሁት ቆየሁ፣ ወንድሜ። አጥሩ ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኖ የለም እንዴ!»

ለችግኝ የሚሆን ጥቁር ፕላስቲክ ገዝቼ በእግሬ ቧንቧ ውሃ ወደሚባለው ሰፈር ወጣሁ። እዚያ የሚኖሩት የዘነበች ታላቅ እህት እትዬ አስቴር ናቸው። ፍሬውን ያን ጊዜ ለዘነበች የሰጧት እሳቸው ነበሩ፤ ማር የሚያመጡላቸው አንድ የኩታበር ሽማግሌ አብረው ያመጡት ነበር።

እትዬ አስቴር በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱት። ከለቅሶው ወዲህ አልተያየንም።

«ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው፣ እትዬ። የእኒያን የማር ሰውዬ ቤት እንዲጠቁሙኝ ነበር። የኮሽም ዘር ፈልጌ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ልተክለው።»

«አሁን?» አሉኝ።

ግባ አላሉኝም። ቧንቧ ውሃ ድረስ ወጥቶ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ መመለስ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ሐዘኑ ነው ብዬ አሰብኩ። የሽማግሌው ስም ሸህ ይመር መሆኑን፣ ከኩታበር ከተማ በእግር አንድ ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ ከመስጊዱ በታች ያለው ቤት መሆኑን ነግረውኝ በሩን ዘጉት።

ሰኞ ከሰዓት፣ ኩታበር

የኩታበር መኪና እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ደርሼ ስወርድ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። እህሉ ታጭዶ ማሳው ራቁቱን ነው፤ በየዳገቱ ባሕር ዛፍ በረድፍ ቆሟል። በእግሬ የሄድኩበትን መንገድ ጎርፍ በልቶት በአንዳንድ ቦታ ጥልቅ ቦይ ሆኗል። ጠይቄ ጠይቄ ከመስጊዱ በታች ያለውን ቤት አገኘሁት። የሸህ ይመር ልጅ ዘይነባ በር ላይ ተቀበለችኝ። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ፈጣን ሴት ናት።

ሸህ ይመር ፀሐይ ላይ አጎዛ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሸህ ይመር።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ማን ልበል?»

«የዘነበች ባለቤት ነኝ። በእትዬ አስቴር ቤት የሚያውቋት፣ የኮምቦልቻዋ።»

«ያች የኮሽሟ!» ፊታቸው በራ። «ደህና ናት?»

«አርፋለች። ባለፈው ክረምት።»

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ዱዓ አደረጉ። «አላህ ያጽናህ፣ ልጄ። ደግ ሴት ነበረች» አሉ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ልጄ ሲሉኝ ግን እንባዬ መጣ።

ከአጥራቸው የቀረው በምሥራቅ በኩል ያለች አንዲት ጥግ ብቻ ናት። ሌላውን ወንዶች ልጆቻቸው ነቅለው ባሕር ዛፍ ተክለውበታል። «ይሸጣል ይላሉ። ምን ልበላቸው? እኔ አላየው፣ አልከለክለው» አሉኝ።

ዘይነባ በቆልማማ እንጨት የበሰለውን ፍሬ እየጎተተች ታወርዳለች፣ እኔ እየለቀምኩ ቅል ውስጥ እጨምራለሁ። እሾሁ እጄን ቧጫጨረው። ሸህ ይመር ከተቀመጡበት ሆነው ያስተምሩኛል። ፍሬውን በውሃ ውስጥ ጨምቀህ ሥጋውን አውጣ። ዘሩን በአመድ እሸው፣ ሙልጭልጩ ይለቀዋል። በጥላ አድርቀው፣ ፀሐይ አታሳየው። ሳይከርም ዝራው፤ ከከረመ ይሞታል። አፈሩን ከላዩ በስሱ አልብሰው።

«ደግሞ ብዙ አድርገህ ዝራ» አሉ። «ወንድና ሴት አለው። እስኪያብብ አይለይም። ወንዱ አያፈራም፤ እሱ ከሌለ ግን ሴቲቱም አታፈራም።»

ለቀማዬን አቆምኩ።

«ወንዱ… በምን ይታወቃል?»

«አበባው ይበዛል፣ ፍሬ የለውም። ለባለቤትህ እኮ ነግሬያታለሁ! የመጀመሪያውን ፍሬ ይዛ አስቴር ቤት መጥታ አቀመሰችኝ። አንዱ አላፈራም አለችኝ። እሰይ፣ እሱ ወንዱ ነው፣ እንዳትነኩት አልኳት። እንዴት ደስ እንዳላት! አሁን ሁለቱም ደህና ናቸው?»

«ደርቀዋል» አልኳቸው።

አንዱን በመጋዝ የጣልኩት እኔ መሆኔን ለመናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ዘይነባ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ፍሬው ተመለሰች። የዚያን ቀን ከእነሱ ጋር አደርኩ። የገብስ ቂጣ ከአይብ ጋር ቀረበልኝ። ዘነበች ታውቅ ነበር። «እሱ እኮ» ብላ ልትነግረኝ የነበረው ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ የቀረው ለምን እንዳላፈራ እያወቀች፣ «ይኼም መከነ» እያልኩ ስቀልድ እያዳመጠች፣ አንድ ቀን አልነገረችኝም።

ማክሰኞ፣ ወደ ደሴ

ዘይነባ ዘሩን ማታውኑ አጥባ፣ ቤት ውስጥ አድርቃ፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቋጥራ ሰጠችኝ። ሸህ ይመር ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ደሴ እንደደረስኩ በቀጥታ ወደ ኮምቦልቻ መኪና መሄድ እችል ነበር። እግሬ ግን ወደ ቧንቧ ውሃ ወሰደኝ።

እትዬ አስቴር በሩን ሲከፍቱ ቆሜ፣ ከደጃፉ ሳላልፍ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ዛፉ፣ በመጋዙ ስለ ቆረጥኩት፣ ስለተናገርኩት ቃል።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «በማግስቱ እኔ ዘንድ መጥታ አራት ቀን ተኝታለች። ለአንተ የነገረችህ እህቴ ታማለች ብላ ነው።»

«ወንድ መሆኑን ለምን አልነገረችኝም?»

«እኔም ጠይቄያታለሁ። ንገሪው፣ ይፈር አልኳት። ‹ዛፉ ወድቋል፣ ቃሉም ወጥቷል፤ ብነግረው ምን ይመለሳል?› አለችኝ።» በሩን በአንድ እጃቸው ያዙ። «ሐኪሙ ሁለታችሁም ተመርመሩ ሲላችሁ፣ እሷ ሄደች። ምንም የለብሽም ብለዋታል። አንተ ግን ሥራ በዛብኝ እያልክ ሳትሄድ ቀረህ። ይህንንም ለማንም አልተናገረችም። በቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ እጃቸውን ጭነው ማኅፀኗ እንዲከፈት ሲጸልዩላት ዝም ብላ ተንበርክካለች።»

እውነት ነው። አልሄድኩም። ሥራ አልበዛብኝም ነበር፤ ፈርቼ ነው።

«ይቅር በሉኝ፣ እትዬ።»

«እኔ ምን ብዬ ይቅር እላለሁ?» አሉ። «ይቅር ልትልህ የምትችለው እሷ ነበረች።»

በሩ ተዘጋ። ሰኞ ግባ አለማለታቸውን ሐዘን ነው ብዬ ነበር። እትዬ አስቴር ያን ሁሉ ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው በምግብ ጊዜ ሲጸልዩ፣ ሲስቁ፣ በለቅሶው ሲያጽናኑኝ፣ ለእህታቸው ሲሉ ችለውኝ ነው። አሁን እሷ የለችም።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ኮምቦልቻ

ቤቴ የደረስኩት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ልብሴን ሳልቀይር ጓሮ ገብቼ አፈር፣ አሸዋና የከብት ፍግ ቀላቅዬ ፕላስቲኮቹን ሞላሁ። ዘሩን በስሱ አፈር አለበስኩት፣ ከላዩ ሣር ጎዘጎዝኩ፣ ውሃ በጣቴ ረጨሁ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ለአንባቢ አሳምሬ ማቅረብ አልችልም። የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ ሆኜ ኖሬያለሁ። መጠየቅ የነበረብኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ የምትመልስልኝም ሴት ክንዴን ይዛ አጠገቤ ቆማ ነበር። ባለትዳር ሆነህ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ሚስትህ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር አስጨርሳት። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

በአርባኛው ቀን ገደማ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች አፈሩን ሰንጥቀው ወጡ። በዚያው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። እትዬ አስቴር ናቸው። ሰላምታ የለም።

«በቀለ?»

«በቅሏል፣ እትዬ። ዘጠኝ ነው።»

«ዘጠኝ» ብለው ደገሙት።

«የኮምቦልቻ ፀሐይ ይጨርሳቸዋል» አሉ። «ጥላ ሥራላቸው።»

ስልኩን ዘጉት። ተነስቼ እንጨት መለካት ጀመርኩ።