ሼህና አራት አሚን

ዓፊያ ጀይላን ከሚሴ ውስጥ፣ በዞኑ ኮሙኒኬሽን ቢሮ ዜና ትጽፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ደሴ እየተመላለሰች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ከትምህርቶቹ ሁሉ የናቀችው የታሪክ ጥናት ዘዴን ነበር። «ሽማግሌ መጠየቅ ምን ይከብዳል? እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሞልቷል» ብላ ለጓደኞቿ ተናግራለች። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

የመረጠችው ርዕስ ስልክና ሬዲዮ ባልነበረበት ዘመን ወሬ ከመንደር መንደር እንዴት ይደርስ እንደነበር ነው። የጥናቱ እምብርት ደግሞ የገዛ አባቷ ናቸው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ በመንደራቸው ሰው ደጁን ዘግቶ ሞቱን ሲጠብቅ፣ «ባቲ እህል እየተሰፈረ ነው፣ ተነሱ» የሚለውን ወሬ ያመጡት አባባ ጀይላን ናቸው ይባላል። ሰምቶ የተነሳ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ አባባ ጀይላን ሠርግ ላይ ከፊት ነው የሚቀመጡት። ዓፊያም ልጅ ሳለች «የማን ነሽ?» ስትባል፣ የአባቷን ስም የምትጠራው ደረቷን ነፍታ ነበር።

ማስረጃዋን የሰበሰበችው በአንድ ጀምበር ነው። ሐሙስ ቀን አጎቷ ቤት ወዳጃ ነበር፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጫቱ ቀርቦ ዱዓ ሲደረግ ስልኳን መሃል ላይ አስቀምጣ ስለዚያ ወሬ ጠየቀች። ሼህ ሲራጅ ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረኩላት። ሲጨርሱም «ያን ወሬ ላደረሰልን ለጀይላን አላህ ዕድሜና ጤና ይስጠው» ብለው መረቁ። የቀሩት አራት ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ። ከአራቱ አንዱ አባቷ ነበሩ። ዓፊያ ቤቷ ገብታ «በአምስት ምስክሮች የተረጋገጠ» ብላ ጻፈች።

አማካሪዋ ዶክተር ሪሀና ወሎ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ቅጂውን እስከ መጨረሻው አዳመጡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄ አምስት ምስክር ነው ወይስ አንድ ሼህና አራት አሚን?»

«ሁሉም አረጋግጠዋል እኮ፣ ዶክተር።»

«ያረጋገጡት ምርቃቱን ነው። ሼህ ተናግረው ሲጨርሱ “አይ፣ እንዲህ አልነበረም” የሚል ሰው ወዳጃ ላይ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ዓፊያ ይህን ነገር በዕድሜዋ አላየችም። ዶክተር ሪሀናም ሽማግሌዎቹን ለየብቻ እንድትጠይቅ፣ እያንዳንዱም ወሬውን ከማን አፍ እንደሰማ እንዲናገር አዘዟት። ወሩ ሳያልቅ እንድታመጣም አስጠነቀቋት።

በመልሱ ሚኒባስ ላይ ፍርሃት ያዛት። የጥናቱ መውደቅ አልነበረም ያስፈራት፤ የወደቀ ጥናት ይነሳል። የአባት ስም ከወደቀ ግን በምን ይነሳል? ምነው ባልጀመርኩት ኖሮ አለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መጀመሪያ ሼህ ሲራጅ ዘንድ ሄደች። እሳቸው ያኔ ለቂርአት፣ ለሃይማኖት ትምህርት፣ ወጥተው መንደሩ ውስጥ አልነበሩም፤ ሲመለሱ ሰው ሁሉ ሲል ነው የሰሙት። ጎረቤታቸው አባ ጀይሉና ሌላ አንድ ሽማግሌ ደግሞ የሰሙት ከሼህ ሲራጅ ነው። አቶ በድሩ ገና ልጅ ነበሩ። «ያመጣውን ሰው አላየሁም። ታዲያ ሼህን ውሸታም ላድርጋቸው?» ብለው ተቆጧት።  የቀሩት አባቷ ብቻ ነበሩ።

እሳቸውን ለመጠየቅ ግን ልብ አጣች። ዛሬ ስብሰባ አለብኝ፣ ነገ ልብስ አጥባለሁ እያለች ሰነበተች። አባቱን አያውቅ አያቱን ናፈቀ የሚባለው ለእሷ ዓይነቷ ሳይሆን አይቀርም። ቀኑ አልቆ መተንፈሻ ስታጣ፣ አንድ ማለዳ አባቷ ደጅ ጥላው ሥር ተቀምጠው ሳሉ ደረሰች።

«አካም ቡልተኒ፣ አባባ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምነው ፊትሽ ገረጣ?»

ስልኳን አውጥታ መቅጃውን ከፈተች።  «አባባ፣ የባቲውን ወሬ ያመጡት አንቱ ነዎት?»

አባባ ጀይላን ስልኩን አዩት፤ ከዚያም ልጃቸውን።

«እኔ ያን ሰሞን እግሬ አብጦ ከመደብ መውረድ አቅቶኝ ነበር» አሉ። «እናትሽ ናት። ፋጡሜ ለእኔ የሚቀመስ ፍለጋ ብቻዋን ወጥታ፣ መንገድ ላይ ከአፋሮች ሰምታ መጣች። ሴት ነገረችን ብሎ አገር አይነሳም አለችና፣ በየደጁ እየዞረች “ጀይላን ሰምቷል፣ ተነሱ” አለች። እኔን ዝም በል አለችኝ። ኋላ እሷ አለፈች። እኔን ሰው ባገኘኝ ቁጥር ይመርቀኛል። ለምርቃት ከአሚን ሌላ ምን ይባላል፣ ልጄ?»

ዓፊያ እናቷን አሰበቻት። በየሠርጉ ከሴቶቹ ጋር ጓሮ ጭስ ውስጥ ሆና፣ ይህ ታሪክ ሲወራ አንዲት ቃል ሳትናገር ወጥ ታማስል ነበር። ደስም አላት፣ ቆጫትም።

«ይህን ከአንቱ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«ማን ይኑር? ቤት ውስጥ እኔና እሷ ነበርን። በየደጁ የወጡላትም ወደ አኼራ ሄደዋል። በይ ጻፊው፤ የእኔን ስም አውጪና የእሷን አግቢ።»

ዓፊያ፣ ዶክተር ሪሀና ምን ብለው እንደሚጠይቋት ታውቃለች። ሐሰቱ አምስት ምስክር ነበረው። እውነቱ ያለው አንድ፣ እሱም የእናቷ ባል፣ አባቷ።

«አንድ ሰው አይበቃም፣ አባባ» አለች።

«ለእናትሽም?»

«ለእናቴም» አለችና አለቀሰች።