ዌልስ ድረስ ሄጄ የሰማሁት መርዶ

ታናሽ እህቴ የምትኖረው ዌልስ ነው፤ ተራሮቹ ብሔራዊ ፓርክ በሆኑበት፣ አንድ ሱቅና አንድ ጸሎት ቤት ባለበት፣ ከሰው ይልቅ በግ በሚበዛበት መንደር። ሃያ ዓመት ሙሉ "ነዪ" ብላኝ አታውቅም። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ግን ቲኬቱን ራሷ ቆርጣ ላከችልኝ። ናፍቄያት ነው ብዬ ከቶሮንቶ ተነሥቼ ሄድኩ።

አራት ቀን አዞረችኝ። ሐይቁን አየን፤ ጣራቸው በጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ ቤቶችን አየን፤ ደመና ተራራውን ሲሸፍነው ዝናብ ውስጥ ቆመን አየን። አዲስ አበባ ያለችውን እናታችንን ሳነሣባት ግን ወሬ ትቀይራለች። ለወራት ላናግራት ስል "ጆሮዋ ደክሟል፣ ስልክ አትሰማም" እያለች የከለከለችኝም እሷው ናት። አገር ቤት ያሉትም ያንኑ ይሉኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሱቁ ገብቼ ለእናቴ ግራጫ የሱፍ ሻል መረጥኩ።

"ተይው እትዬ፣ ሻንጣሽ ይከብድብሻል።"

"ሻል ነው እንጂ ተራራውን አልወሰድኩ!"

ባለሱቋ አጣጥፋ በወረቀት ጠቀለለችልኝ፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

በማግስቱ ማለዳ እህቴ ቀሰቀሰችኝ። ሳሎን ውስጥ ባለሱቋና አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ከሚስቱ ጋር ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። እህቴ፣ መርዶ በጠዋት፣ ከሰው ጋር ሆኖ ነው የሚነገረው ብላ አስተምራቸዋለች። ገብቶኝ በሩ ላይ ቆምኩ።

"እትዬ፣ እማዬ አርፋለች።"

"መቼ?"

"በጾሙ።"

"ፋሲካን ነጭ ለብሼ ዶሮ በልቻለሁ እኮ!"

"ቶሮንቶ ፎቅ ላይ ብቻሽን ነሽ። በስልክ ነግሬሽ አንድ ነገር ብትሆኚስ?"

እኔ የምችለውንና የማልችለውን ሁልጊዜ የምትወስነው እሷ ናት። አባታችን ሲሞትም እንዲሁ አድርጋኛለች። የእናቴ አርባም ሰማንያም ያለእኔ አልፏል። ባለሱቋም ትናንት ሻሉን ስትሸጥልኝ ታውቅ ነበር ማለት ነው። እህቴ ልትይዘኝ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። አላለቀስኩላትም። እንግዶቹን በእንግሊዝኛ አመስግኜ ሻይ ቀዳሁላቸው። አሮጊቷ በቋንቋዋ አንድ ነገር ብላ እጄን ያዘች። ምን እንዳለች አላውቅም፤ ቢያንስ እሷ አልዋሸችኝም።

ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ወዳለው ፎቄ ስመለስ፣ ከበታቼ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው የማኅበር ጓደኛዬ ጥቁር ለብሳ ሊፍቱ ጋ ጠበቀችኝ።

"አንቺም ታውቂ ነበር?"

"እህትሽ አደራ ብላኝ ነው። መርዶ እኮ ወግ አለው።"

"ያስፈሰክሽኝ አንቺ ነሽ፤ ያውም ቤትሽ!"

አንገቷን ደፋች።

ቅዳሜ ማኅበርተኞቹ ምግብ ይዘው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። አንኳኩ፤ አልከፈትኩላቸውም።

"ውስጥ ናት፤ ቴሌቪዥኑ ይሰማል" አለች አንዷ።

ድምፁን ከፍ አደረግኩትና መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ አፌን በፎጣ ይዤ ለእናቴ አለቀስኩ። "አለቀሰች፣ ወጣላት" ብለው ቀልሏቸው እንዲሄዱ አልፈለግኩም።